ነፋስና በያጅ፦ የሚግ ብየዳ ታሪክ ስለ ደኅንነት ምን ያስተምረናል?



የደኅንነት መመሪያን የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ታሪክ እንደሌለው የትእዛዝ ዝርዝር አድርገን ነው። በዛሬው ንግግሬ ግን በሚግ ብየዳ ማሽን ላይ የሚታዩት ዋና ዋና ማስጠንቀቂያዎች ከቀደሙ የምህንድስና ውሳኔዎች የተወለዱ መሆናቸውን ለማሳየት እሞክራለሁ።

የነገሩ መነሻ አየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ኒኮላይ ቤናርዶስ በካርቦን ዘንግ፣ በ1888 ደግሞ ኒኮላይ ስላቭያኖቭ ራሱ በሚቀልጥ የብረት ዘንግ ሲበይዱ፣ በያጆች አርክ የሚሉት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረትን ለማጋጠም እንደሚበቃ ታወቀ። ይሁን እንጂ የቀለጠው ብረት ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ስለሚወስድ መጋጠሚያው ተሰባሪና ቀዳዳ የበዛበት ይሆን ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስዊድናዊው ኦስካር ሼልበርግ ዘንጉን በልባስ ሸፈነው። ልባሱ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝና በላዩ የሚቀረው ቅርፊት ብረቱን ከአየር ይከልላሉ። በየመንገዳችን ዳር በርና መስኮት የሚሠሩ በያጆች የሚይዙት ኤሌክትሮድ የዚህ ፈጠራ ዝርያ ነው፤ መከለያውን ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚዞር በደጅም ያሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ የባቴል መታሰቢያ ተቋም በኤር ሪዳክሽን ኩባንያ ድጋፍ ሌላ መንገድ አገኘ። ቀጭን ሽቦ ሳይቋረጥ እየተመገበ ይቀልጣል፤ ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ደግሞ ከሲሊንደር እየፈሰሰ ብረቱን ይከልላል። ሚግ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ጋዝ ነው። በ1953 የሶቪየት ባለሙያዎቹ ሊዩባቭስኪና ኖቮዢሎቭ ለብረት ብየዳ ርካሹን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስተዋውቁ ዘዴው ተስፋፋ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአርኩ ሙቀት ስለሚበታተንና ከብረቱ ጋር ስለሚዋሃድ ስሙ በጥብቅ ሲታይ አይገባውም፤ ልማድ ግን አጸናው።

የዛሬው ቁም ነገሬ እዚህ ላይ ነው። መከለያው ከዘንጉ ወደ ሲሊንደር ሲዛወር ነፋስ የብየዳው ጠላት ሆነ። ጥቂት ነፋስ ጋዙን ከገፋው መጋጠሚያው ቀዳዳ ያወጣል፤ ስለዚህ በያጁ በርና መስኮት ይዘጋል። ጥሩ መጋጠሚያ ለማግኘት የሚወሰደው እርምጃ ጭሱን በሰውየው ላይ ይዘጋበታል። ከዚህም በላይ አርጎንም ሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳሉ። በጉድጓድ ወይም በታንከር ውስጥ ሲጠራቀሙ ኦክስጅንን ያስወጣሉ፤ አርጎን ደግሞ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው አደጋውን ሳያውቅ ራሱን ይስታል።

ሽቦው ሳይቋረጥ መመገቡም የራሱን አደጋ አመጣ። ቃታው ሲሳብ ከቶርቹ ጫፍ የወጣው ሽቦ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ጥቅልና ሽቦውን የሚገፉት ተሽከርካሪዎች ጭምር ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። ዘንግ ለመቀየር የነበረው አጭር ዕረፍትም ስለቀረ ዓይንና ሳንባ ለብርሃኑና ለጭሱ ረዘም ላለ ጊዜ ይጋለጣሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2017 የብየዳ ጭስንና ከብየዳ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቧቸዋል። የፀሐይ መነጽር የብየዳ ጭንብልን እንደማይተካ ለመንገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንግዲህ ማሽኑን የምናዘጋጅበት ሥርዓት ከዚህ ታሪክ ይነሣል። በጋዝ ለሚሠራ ድፍን ሽቦ ቶርቹን ከፖዘቲቩ ጋር እናገናኛለን። ሲሊንደሩን እንዳይወድቅ በሰንሰለት እናስራለን፤ ጋዙንም በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ባለው መጠን እንጀምራለን። ጥቅሉን ከመንካታችን በፊት ኃይሉን እናጠፋለን። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲቃጠል ጭሱ ትኩሳት ስለሚያመጣ ዚንኩን አስቀድመን እናነሣለን። ክሎሪን ባለው ማጽጃ የታጠበ ብረትንም ወደ አርኩ አናቀርብም፤ ትነቱ በጨረሩ ፎስጂን ወደተባለ መርዝ ይለወጣልና። በመጨረሻም በሩን ዘግተን አንሠራም፤ ጭሱን ከበያጁ ፊት እየሳበ፣ ጋዙን ግን ሳይበትን የሚያስወጣ መምጠጫ እንተክላለን።

ይህ የመጨረሻው ሥራ የበያጁ ብቻ አይደለም። የወርክሾፕ ንድፍ የምታወጡ ተማሪዎች ማሽኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ከመወሰናችሁ በፊት አየሩ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በወረቀታችሁ ላይ አስፍሩ።