የቀለም ማስመስከሪያ፤ ከቤተ ልሔም ድጓ እስከ ኮምፒዩተር ምስል

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ፣ በጋይንት አገር የምትገኘው ቤተ ልሔም በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቿና በድጓ ማስመስከሪያነቷ። የድጓ ተማሪ በየትኛውም ደብር ቀለሙን ቢያጠና፣ በሙያው የሚጸናው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ከመምህሩ ፊት ሲያስመሰክር ነው። በዚህ ሥርዓት ምክንያት በየአገሩ የተበተነው ዜማ ከአንድ መሠረት ጋር እየተመሳከረ ኖሯል። ከእጅ ወደ እጅ የሚገለበጥ ነገር ሁሉ ሳይታወቅ እንዳይለወጥ መመሳከሪያ ያስፈልገዋልና፣ የፎቶግራፍ ቀለምም ከዚህ ሕግ አላመለጠም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ በዚያው ዓመት የዘመተባቸው የእንግሊዝ ጦር በመሐንዲሶቹ ክፍል ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን የኮሎዲዮን መስተዋት ለሰማያዊ ብርሃን ንቁ ሲሆን ቀዩን ግን አያይም ነበር። ስለዚህ ቀይ ልብስ ጥቁር፣ ሰማያዊ ሰማይ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1861፣ ማክስዌል የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ ማንኛውም ቀለም ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ሊቀናበር እንደሚችል በፎቶግራፍ አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን የሰውን ዓይን መሠረት በማድረግ፣ ከማንኛውም መሣሪያ ነጻ የሆነ የቀለም መለኪያ አጸደቀ። የቀለም ሙያ ማስመስከሪያ ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ግን ችግሩ በአዲስ መልክ ተመለሰ። በኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዱ የምስል ነጥብ በሦስት ቁጥሮች ይጻፋል። እነዚህ ቁጥሮች የብርሃኑን መጠን እንጂ ቀዩ ምን ዓይነት ቀይ እንደሆነ አይናገሩም። የማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ለብዙ ዘመን 1.8 የሆነ ጋማ ሲጠቀም፣ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች 2.2 ይጠቀሙ ስለነበር፣ አንዱ ምስል በሁለተኛው ላይ ጠቁሮ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ስምንት ኩባንያዎች ዓለም አቀፉን የቀለም ኅብረት መሥርተው፣ ፕሮፋይል የተባለው መግለጫ ከምስሉ ጋር አብሮ እንዲጓዝ መንገድ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤስ አር ጂ ቢ፣ በ1998 ደግሞ ከእርሱ የሰፋው አዶቤ አር ጂ ቢ ቀረቡ። በዚሁ በ1998 የወጣው አምስተኛው ፎቶሾፕ ጠባቡን መለኪያ መነሻ በማድረጉ፣ የሰፋው ቀለም ተቆርጦብናል ያሉ የኅትመት ባለሙያዎች ቅሬታቸውን አሰምተዋል።

በድጓ ዜማ ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር የሚባሉ ቤቶች አሉ። ቃሉ አንድ ሲሆን ዜማው እንደየቤቱ ይለያል፤ ማንም ግን አንዱን ሐሰት አይለውም። ስሕተት የሚፈጠረው የአንዱ ቤት ምልክት በሌላው ቤት ልማድ ሲዜም ነው። በአዶቤ አር ጂ ቢ የተጻፈ ፎቶግራፍ መግለጫው ጠፍቶ በኤስ አር ጂ ቢ ሲነበብም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ሳይነካ ቀለሙ ይደበዝዛል። እንግዲህ ባለሙያው ሁለት ትእዛዞችን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ፕሮፋይል መሰየም ቁጥሩን ትቶ የቤቱን ስም ብቻ ይለውጣል፤ ወደ ሌላ ፕሮፋይል መለወጥ ግን ቀለሙ እንዲጠበቅ ቁጥሩን ይለውጣል። አንዱን በሌላው ምትክ የተጠቀመ ሰው ያበላሸውን ምስል በዓይኑ እየገመተ ለማረም ሲደክም ይውላል። ከዚህም በላይ ካሜራው የሰጠውን ጥሬ ፋይል እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ስሌት ስለሚተረጉመው፣ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚሸጋገረው ምስል በአንዱ ከተተረጎመ በኋላ በ16 ቢት፣ ፕሮፋይሉን እንደያዘ መሆን አለበት። የሚታይበትም ስክሪን በመሣሪያ የተለካ ይሁን።

ይህ ጥንቃቄ ለደቡብ ጎንደር ደጋ አብያተ ክርስቲያናት የቅንጦት ነገር አይደለም። ጭስ፣ እርጥበትና ዕድሜ የግድግዳ ሥዕልን ያደበዝዛሉ። ነገ አንድ ጠጋኝ የቅዱሱ ልብስ ምን ዓይነት ቀይ እንደነበረ ሲጠይቅ፣ መልስ የሚሰጠው ዛሬ የተነሣው ፎቶግራፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የታወቀው የ24 ቀለማት ገበታ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ከተነሣና ፕሮፋይሉ ከፋይሉ ካልተለየ፣ ጠጋኙ የሚያመሳክርበት መሠረት ያገኛል። አለዚያ ግን የፕሮግራሙን ስሕተት የጥንቱ ሠዓሊ ቀለም አድርጎ ይቀባዋል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ትውልድ እውነተኛውን ቀይ የሚጠይቀው አያገኝም።