በመተማ መንገድ ሄደው የቀሩት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ወረታ ይደርሳል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ሲወጣ፣ ሁለተኛው የፎገራን ሜዳ ሰንጥቆ ርብን ይሻገርና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይዘልቃል፤ አዘዞ ላይ ወደ ምዕራብ የታጠፈ እንደ ሆነ ደግሞ በአይከልና በሸኸዲ አድርጎ መተማ ይወርዳል። ስለ ሩዛችን፣ ስለ ፎገራ ከብትና ስለ ጉማራ ጎርፍ ብዙ ተብሏል፤ ስለዚህ መንገድ ግን፣ ይልቁንም በርሱ ሄደው ስለ ቀሩት ሰዎች፣ የተባለው ጥቂት ነው። የእድር ሥራ ሰው መቅበር ነው። ሳይቀበር የቀረውስ የማን ሥራ ነው? ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

መንገዱ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴ ጎጃም ውስጥ በባሶ ገበያ አርፎ፣ ጣናን በምሥራቅ በኩል ዞሮ ወደ ጎንደር ሲያልፍ፣ ከሜዳችን በስተሰሜን ያለው ይፋግ ትልቅ ገበያው ነበር። የሙስሊም ነጋዴዎች መኖሪያ የነበረችው ደሪጣም እንዲሁ ስመ ጥር ነበረች። በዚህ መንገድ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ሰም አልፏል። ሰውም አልፏል። ዛሬ አፋችንን ሞልተን አንናገረውም እንጂ በገመድ ታስረው የሚነዱ ልጆች በቀዬአችን አጠገብ ነው ያለፉት። መድረሻቸው መተማ ነበረ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. እዚያ ደርሶ የባሪያ ነጋዴዎችን ድንኳንና ለሽያጭ የቀረቡትን ልጃገረዶች በዐይኑ አይቶ ጽፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለው ሳለ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያች ገበያ ወደ ሱዳን የተሻገረች ልጅ ለእናቷ መርዶዋ አይመጣም፤ በሕይወት መኖሯም አይሰማም።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች በሳር ውኃ ድል አድርገው ጎንደርን ሲያቃጥሉ አያሌ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው በዚሁ መንገድ ተወስደዋል። በዓመቱ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው መተማ ላይ ቆሰሉና በማግስቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው የተመለሱትን ሰዎች ደርቡሽ ከመንገድ ደረሰባቸው፤ አጎታቸው ራስ አርአያ ድምጹ ከአስከሬኑ አጠገብ ወድቀው ቀሩ፤ የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ሄደ። የነገሥታት ንጉሥ እንኳ መቃብር ያጣበት መንገድ ነው እንግዲህ። ልዩነቱ፣ የንጉሡ አሟሟት መታወቁ ነው። ቀኑ ይታወቃል፣ ቦታው ይታወቃል፣ ለቅሶውም ተለቅሷል።

የባሪያ ንግድ በ1916 ዓ.ም. ደንብ፣ ኋላም በ1934 ዓ.ም. ዐዋጅ ቀረ ተባለ። በኛ ዘመን የተመለሰው በሌላ ስም ነው። ደላላ ይሉታል። ደላላው የመንደር ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ሲያግባባም «አሁን ሂድ፣ ገንዘቡን ስትደርስ ትከፍላለህ» ይላል። ልጁ መተማን ከተሻገረ በኋላ ያለው ግን ንግድ ነው፤ አንዱ አሻጋሪ ለሌላው ይሸጠዋል፣ ሌላውም ለሦስተኛው። ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ስሙ የገነነው የሲና በረሃ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ሊቢያ ውስጥ ያለችው ባኒ ዋሊድ ሆነች። እዚያ በመጋዘን ይዘጉበታል፤ እየደበደቡም ስልክ አስደውለው ጩኸቱን ለቤተ ሰቡ ያሰሙታል። አባት በሬውን ይሸጣል፣ መሬቱን በኮንትራት ይሰጣል፣ ጎረቤት ያዋጣል። ገንዘቡ ይላካል፤ አንዳንዴ ልጁ ይለቀቃል፤ አንዳንዴ ዳግመኛ ይጠየቃል፤ አንዳንዴ ደግሞ ስልኩ ዝም ይላል።

ወንጀለኞቹ ስም አላቸው። ከዋነኞቹ አንዱ የሆነውን ኪዳነ ዘካርያስን ዐዲስ አበባ መንገድ ላይ ያወቀው፣ በእጁ የተሠቃየ ሰው ነበረ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ተያዘ፤ በዓመቱ ግን ለፍርድ ከቀረበበት አምልጦ ተሰወረ፤ በሌለበትም ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እንደ ገና የተያዘው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ነው። ባልንጀራው ተወልደ ጎይቶም እዚሁ አገር 18 ዓመት ከተፈረደበት በኋላ በ2015 ዓ.ም. ለኔዘርላንድ መንግሥት ተላልፎ ተሰጠ። የጠፋውን ሻጭ ሁለት ዓመት ያህል አገሮች ተባብረው ፈለጉት፤ የተሸጠውን ልጅ የሚፈልገው ግን እናቱ ብቻ ናት።

ስለ ተገኙትም አንድ ነገር ልበል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ የተባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚሆኑ ክርስቲያን ወገኖቻችንን የገደለበት ፊልም ሲታይ አገሩ ሁሉ ዐዝኗል። የጅምላ መቃብራቸው በሲርት አካባቢ መገኘቱ የተነገረው ግን በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ነበረ፤ 34 አስከሬን ወጣ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ማለት ነው። የሞቱበት ቀን በተቀረጸላቸው ሰዎች ይህን ያህል ከፈጀ፣ ስልኩ ዝም ያለው ልጅማ ምን ይሆን?

በኛ አገር ሬሳው ሩቅ የቀረ ሰው ለቅሶ አያጣም። ልብሱና ፎቶግራፉ ወጥቶ፣ ሙሾ ወርዶ፣ ድንኳን ተተክሎ ይለቀሳል። በእስልምናም ሬሳ በሌለበት የሚሰገድ ስግደት አለ። ነገር ግን ሁሉም የሚጀምረው ከመርዶ ነው። መርዶ ካልተነገረ ጡሩምባ ነፊው ምን ብሎ ይነፋል? ቄሱስ አርባውን ከየትኛው ቀን ተነሥቶ ይቈጥራል? እናት ማቅ ልልበስ ብትል «ልጅሽን በቁሙ ገደልሽው» ይሏታል፤ ዝም ብትል ደግሞ እድሩ አንድ ሳንቲም አይሰጣት፣ ለቀስተኛም አይመጣላት። እንዲህ ያለ ቤት በየሰፈሩ አለ፤ እናውቀዋለን እኮ፤ በዐውደ ዓመት አንድ ሰሃን ተርፎ የሚቀመጥበት ቤት ነው።

ሕጉ ግን ጨርሶ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 154፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወቅለት ለዳኛ ሊያመለክት ይችላል ይላል። ፍርዱ ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፣ ውርሱም ይታያል። አዋጅ ቁጥር 909/2007ና እርሱን የተካው 1178/2012 ደግሞ ደላላውን የሚቀጡ ናቸው። ብዙዎቻችን የኋለኛውን በሬዲዮ ሰምተናል፤ የፊተኛውን ያነሣልን ሰው ግን የለም።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የመጥፋት ፍርድ ይዞ ለመጣ አባል እድሩ እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ ገንዘቡን ይክፈል፣ ድንኳኑንም ይትከል፤ ለማመልከቻ መጻፊያ የሚያስፈልገውንም ይርዳ። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ለሄዱት የተለየ መዝገብ ይክፈት። ስም ከነአባት፣ የወጣበት ቀን፣ መጨረሻ የደወለበት ቦታና የስልክ ቁጥር፣ ገንዘቡ የተላከለት ሰው ስም፣ በአካሉ ላይ ያለ ምልክት፣ ጠባሳም ሆነ የወለቀ ጥርስ ይጻፍበት። ወሬው ከእናቶች ዘንድ አሁን ስላለ፣ እነርሱ ሳያልፉ ቢጻፍ ይሻላል።