የካርቲሌጅ ሴሎች በላብራቶሪ የሚሠሩት ፕሮቲዮግላይካን፦ ለመገጣጠሚያ ታማሚ ምን ማለት ነው?

የጉልበትዎን ኤክስሬይ ወይም ኤምአርአይ ያዩት ሐኪም «ካርቲሌጁ ሳስቷል» ወይም «ተበልቷል» ብለውዎት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ታማሚውም ቤተሰቡም የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «መልሶ አይተካም ወይ?» ለዚህ ጥያቄ ዛሬ ካለን መልስ ብዙው የተገኘው የካርቲሌጅ ሴሎችን ከሰውነት ውጭ አሳድጎ ምን እንደሚሠሩ በመከታተል ነው።

ፕሮቲዮግላይካን ምንድን ነው?

ካርቲሌጅ (ልም አጥንት) በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍን ለስላሳ አካል ነው። የበግ እግር ከመገጣጠሚያው ሲገነጠል የሚታየው የሚያብረቀርቅ ነጭ ሽፋን እሱ ነው። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውኃ ነው። ይህን ውኃ ይዞ የሚያቆየው ፕሮቲዮግላይካን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው።

ዋነኛው የካርቲሌጅ ፕሮቲዮግላይካን አግሪካን ይባላል። ቅርጹ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ይመስላል። መሃሉ ረጅም የፕሮቲን ዘንግ ሲሆን፣ ዙሪያውን እንደ ብሩሹ ፀጉር የተተከሉት ደግሞ ወደ 100 የሚጠጉ ኮንድሮይቲን ሰልፌት የተባሉ የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ሰንሰለቶቹ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ውኃ ይስባሉ። ኮላጅን የተባለው የፕሮቲን መረብ ደግሞ ካርቲሌጁ ከልክ በላይ እንዳያብጥ ጠፍሮ ይይዘዋል። ሲረግጡ ጥቂት ውኃ ተጨምቆ ይወጣል፤ እግርዎን ሲያነሡ ይመለሳል። ፕሮቲዮግላይካኑ ሲቀንስ ካርቲሌጁ ይልማል፤ ጫናውም በኮላጅኑና ከሥሩ ባለው አጥንት ላይ ያርፋል።

ይህን ሁሉ የሚሠሩት ኮንድሮሳይት የሚባሉት ሴሎች ናቸው። በአዋቂ ሰው ካርቲሌጅ ውስጥ የሚይዙት ቦታ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ነርቭም ስለሌለው ጉዳቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ የሚያምዎት ካርቲሌጁ ሳይሆን አጥንቱና የመገጣጠሚያው ሽፋን ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ይሽራል፣ አጥንት ሲሰበር ይገጥማል፤ ካርቲሌጅ ግን ሲጎዳ ራሱን የመጠገን አቅሙ በጣም ትንሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሴሎቹ በላብራቶሪ ሲያድጉ

ከካርቲሌጅ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና በዙሪያው ያለው ነገር በኢንዛይም እንዲሟሟ ተደርጎ ሴሎቹ ነፃ ይወጣሉ። ከዚያም ንጥረ ምግብ ባለው ፈሳሽ ውስጥ በሰውነት ሙቀት (37 ዲግሪ ሴልሺየስ) ይቀመጣሉ። ፕሮቲዮግላይካን መሥራት አለመሥራታቸው ሳፍራኒን በተባለ ቀይ ማቅለሚያ ይታያል፤ ወይም ጨረራማ ሰልፌት ተጨምሮ ሴሎቹ ምን ያህሉን በሥራቸው ላይ እንዳዋሉት ይለካል።

ችግሩ የሚመጣው ሴሎቹን ማብዛት ሲፈለግ ነው። በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሲያድጉ ይራባሉ፤ ነገር ግን በተደጋጋሚ ከሳህን ወደ ሳህን ሲዛወሩ ክብ የነበረው ቅርጻቸው ይለጠጣል። አግሪካን መሥራታቸው ይቀንሳል፤ የካርቲሌጅ በሆነው ኮላጅን ፋንታ በቆዳና በጠባሳ ውስጥ የሚገኘውን ዓይነት ይሠራሉ። በአጭሩ ሙያቸውን ይረሳሉ። በ1982 እ.ኤ.አ. ቤንያና ሻፈር የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ የተለወጡ ሴሎች አጋሮስ በተባለ ጄል ውስጥ ሲገቡ ወደ ቀድሞ ሥራቸው እንደሚመለሱ አሳዩ። በኋላ ከባሕር አረም የሚገኘው አልጂኔትም ለዚሁ ሥራ ዋለ። ሴሉ በሁሉም አቅጣጫ ተከቦ ክብ ሆኖ ሲቀመጥ ካርቲሌጅ መሆኑን የሚያስታውስ ይመስላል።

ከእነዚህ ጥናቶች ለታማሚ የሚጠቅሙ ሌሎች ነገሮችም ተገኝተዋል። ኢንተርሉኪን-1 የተባለው የብግነት መልእክተኛ ሲጨመር ሴሎቹ ፕሮቲዮግላይካን መሥራት ይቀንሳሉ፤ አግሪካንን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችንም ያመነጫሉ። ያበጠና የጋለ መገጣጠሚያ ችላ መባል የሌለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ካርቲሌጅ እየተጫነና እየተለቀቀ በምት ሲሠራ የፕሮቲዮግላይካን ምርቱ ይጨምራል፤ ያለማቋረጥ ተጭኖ ሲቆይ ግን ይቀንሳል። ላብራቶሪ ሰውነት ባይሆንም፣ ይህ ግኝት ሐኪሞች «ይንቀሳቀሱ» ከሚሉት ምክር ጋር ይስማማል።

ከላብራቶሪ ወደ ጉልበት

የራስን የካርቲሌጅ ሴል አሳድጎ መልሶ የመትከል ሕክምና በሰው ላይ የተጀመረው በ1987 በስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው። ብሪትበርግ፣ ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያዎቹን 23 ታማሚዎች ውጤት በ1994 አሳተሙ። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 መጨረሻ የፈቀደው ዘዴ ሴሎቹን ከአሳማ በተገኘ የኮላጅን ሽፋን ላይ አሳድጎ የሚተክል ነው። በሃይማኖትዎ ምክንያት ይህ የሚያሳስብዎት ከሆነ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ሕክምናው ሁለት ጊዜ ይሠራል። መጀመሪያ በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ ጫና ከማይበዛበት የጉልበት ክፍል ቁራጭ ይወሰዳል። ሴሎቹ ለሳምንታት ካደጉ በኋላ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይተከላሉ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በክራንች መሄድ፣ ለወራት ደግሞ ፊዚዮቴራፒ መሥራት አለ። አዲስ የሚበቅለው ነገር አንዳንዴ ከዋናው ካርቲሌጅ ጋር ይቀራረባል፤ አንዳንዴ ግን ፕሮቲዮግላይካን ያነሰበት፣ ጠባሳ መሰል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ሕክምናው የሚሆነው በአደጋ ወይም በስፖርት አንድ ቦታ ላይ ለተቦረቦረ፣ ዙሪያው ጤነኛ ለሆነ ካርቲሌጅ ነው። በዕድሜ ምክንያት ጉልበቱ በሙሉ ለተጎዳ ሰው አይሆንም። ወላጅዎን ለዚህ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ለመውሰድ ገንዘብ ከማሰባሰብዎ በፊት የአጥንት ስፔሻሊስት «ለእሳቸው ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። «ስቴም ሴል» እየተባለ በክሊኒኮች የሚሸጠው መርፌ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የአሜሪካው አስተዳደር ለመገጣጠሚያ ሕመም የፈቀደው የስቴም ሴል ምርት የለም።

የሚዋጠውስ?

ኮንድሮይቲን የፕሮቲዮግላይካን አካል ስለሆነ «ብውጠው ይተካል» ብሎ ማሰብ የሚጠበቅ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው የግሉኮሳሚንና የኮንድሮይቲን እንክብልም የሚገዛው በዚህ ተስፋ ነው። በ2006 ይፋ በሆነ በ1,583 የጉልበት ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሁለቱም ተለያይተውም ሆነ ተጣምረው በአጠቃላይ ሲታይ ከባዶ እንክብል በግልጽ የተሻለ የሕመም ማስታገስ አላሳዩም። የቅልጥም መረቅም ያው ነው፤ ጥሩ ምግብ ነው፣ ነገር ግን ሆድ ውስጥ ይፈጫል እንጂ ተሰባስቦ ወደ ጉልበት አይሄድም። ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ግሉኮሳሚን የመድማት አደጋን ሊጨምር ስለሚችል ሳይነግሩ አይጀምሩ።

ኮርቲዞን መርፌ በብግነት ጊዜ ሕመምን ለጊዜው ያስታግሳል። ሆኖም በ2017 የታተመ ጥናት በየ3 ወሩ ለ2 ዓመት የተወጉ ታማሚዎች በጨው ውኃ ከተወጉት ይልቅ ካርቲሌጃቸው የበለጠ እንደሳሳ፣ ሕመማቸውም ከእነሱ የተለየ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ በየጊዜው መወጋትን ልማድ ከማድረግዎ በፊት ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

ክብደት መቀነስ ግን ዋጋው ግልጽ ነው። ከመጠን በላይ ውፍረትና የጉልበት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ በተደረገ ልኬት፣ ከሰውነት የቀነሰ እያንዳንዱ ኪሎ በአንድ እርምጃ በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና በ4 ኪሎ ያህል ያቃልላል። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ሕመምን ይቀንሳል።

መገጣጠሚያዎ በድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለዎት፣ ወይም ከጉዳት በኋላ እግርዎን መርገጥ ካቃተዎት በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ። በመገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ካርቲሌጁን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል።