የሱፐርማን ልብ ወለድ አንባቢ ምን አለ? ማንስ ጠየቀው?

በየውይይታችን «ይህን መጽሐፍ አንባቢው አልወደደውም» ወይም «ሰፊው አንባቢ ተቀብሎታል» የምትባል አነጋገር አለች። ማን ጠይቆ፣ ማን ቆጥሮ እንዳመጣት ግን አይነገርም። ይህች ጽሑፍ ያንኑ ጥያቄ ይዛ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አንድ የልጆች ልብ ወለድ ትሄዳለች። መጽሐፉ ታላቅ ሥራ ሆኖ አይደለም። በዙሪያው የተነሣው ክርክር ግን የአንባቢ አስተያየት እንዴት እንደሚቀማ ያሳያል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ሸጡ። በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» የተባለው የሥዕል ታሪክ መጽሔት የመጀመሪያ እትም፣ በ10 ሳንቲም ዋጋ፣ ጀግናውን ይዞ ወጣ። በ1940 ሱፐርማን ራዲዮ ገባ። ከራዲዮው ጸሐፊዎች አንዱ ጆርጅ ሎውዘር ነበር፤ ሱፐርማን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያገኘው በ1942 በእሱ ብዕር ነው። አሳታሚው ራንደም ሐውስ፣ ሥዕሉ ደግሞ የራሱ የሹስተር።

እንደ ሥነ ጽሑፍ ከመዘንነው ቀለል ያለ ነው። በኋላ የሚመጣው የአጽም መርከብና የናዚ ሰላዮች ጉዳይ ከሩቅ የራዲዮ ድራማ ይሸታል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግን ሌላ ነው። የክሪፕተን ሊቅ «ዓለማችን ልትጠፋ ነው» እያለ በሸንጎ ፊት ሲለምን ይሳቅበታል። መጽሔቱ በጥቂት ሥዕሎች ያለፈውን ነገር ሎውዘር አስፍቶ፣ ሰው አድርጎ ጻፈው። ቀድሞ በጋዜጣው የሥዕል ታሪክ «ሎራ» ትባል የነበረችው የጀግናው እናት በዚህ መጽሐፍ «ላራ» ሆነች፤ እስከ ዛሬም ላራ ናት። አሳዳጊዎቹን «ኤበን» እና «ሳራ» ያላቸው ግን አልጸናም፤ ዛሬ ሰው የሚያውቃቸው ጆናታንና ማርታ ብሎ ነው። አንድ ደራሲ ስም ያወጣል፣ የትኛው ስም እንደሚሰነብት ግን የሚወስነው እሱ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። መጽሐፉን የሚከፍት ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ሎውዘርን አይደለም፤ የወይዘሮ ጆዜት ፍራንክን መቅድም ነው። ወይዘሮ ፍራንክ በአሜሪካ የሕፃናት ጥናት ማኅበር ስለ ልጆች መጻሕፍት አማካሪ ነበሩ። አንድ የጀብዱ ልብ ወለድ የምሁር ምስክርነት ለምን አስፈለገው? ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በግንቦት 1940 ስተርሊንግ ኖርዝ የተባለ የ«ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ» የሥነ ጽሑፍ አዘጋጅ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶችን «ብሔራዊ ውርደት» ብሎ በርዕስ ፈርጆ፣ ለልጆች መርዝ ናቸው ሲል ጽፎ ነበር። መድኃኒቱ በቤተ መጻሕፍትና በጥሩ መጻሕፍት መደብር ይገኛል ባይ ነው። እንግዲህ መቅድሙ የተጻፈው ለልጁ ሳይሆን በልጁ ትከሻ ላይ አጮልቆ ለሚያነበው ወላጅ ነው።

ታዲያ ወይዘሮዋ የሱፐርማን አሳታሚዎች አማካሪ ቦርድ አባልም ነበሩ፤ ክፍያም ነበራቸው። በ1954 ሴናተር ኬፎቨር ይህንኑ በአደባባይ አነሡት። ስለ ልጆች ንባብ ለብዙ ዓመት የደከሙ ሰው ናቸውና ሐሳባቸውን ሸጡ ማለት ግፍ ይመስለኛል። ነገር ግን ደጋፊውም ነቃፊውም አዋቂ፣ ሁለቱም ተናጋሪ፤ አንባቢው ልጅ ደግሞ መሐል ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ኧረ ለመሆኑ እሱ ምን ይላል?

ልጁ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በ1945 ይኸው ልብ ወለድ ለጦር ግንባር ወታደሮች በሚታተሙት ትንንሽ የኪስ መጻሕፍት ተራ ገብቶ ነበር። ጠመንጃ የያዘ ጎልማሳ ሱፐርማንን ሲያነብ መርዝ ነው ያለ አልተሰማም።

የልጅ ድምፅ በግልጽ የተሰማው በ1948 ነው። ትውልደ ጀርመን የሆነው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ፍሬድሪክ ዌርተም በ«ሳተርደይ ሪቪው» መጽሔት የሥዕል ታሪኮች ልጆችን ለወንጀል ያነሣሣሉ የሚል ጽሑፍ አወጣ። በሐምሌ ወር መጽሔቱ የአንድ የዋሽንግተን ነዋሪ የ14 ዓመት ልጅ መልስ አተመ። ልጁ 5,212 የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ያከማቸ ነበር። ክርክሩን ከቃየል ጀመረ፤ ወንድም ወንድሙን ሲገድል የሥዕል ታሪክ መቼ ነበረና! ክፋት ከማተሚያ ቤት ይቀድማል ነው ነገሩ። ብታምኑም ባታምኑም ከብዙ የዘመኑ ሊቃውንት ጽሑፍ የእሱ ይሻላል፤ ቢያንስ ስለሚከራከርበት ነገር አንብቧል።

ግን አንድ ደብዳቤ ምን ያህል ይጓዛል? በ1954 ዌርተም «የንጹሐን መታለል» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፉን አሳተመ። በሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴ ፊትም ቀርቦ፣ ሱፐርማን ልጆችን «ሌላው ሲቀጣ እያዩ፣ እኔን ግን ምንም አይነካኝም» በሚል ደስታ ያለማምዳል አለ። በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ ራሳቸው የሳንሱር ደንብ አወጡ። ለዌርተም ፍትሕ እንስጠው፦ በሐርለም በ1946 የተከፈተው፣ ድኾች ጥቁር አሜሪካውያን በ25 ሳንቲም የሚታከሙበት ክሊኒክ ዋና መሥራች እሱ ነው፤ በትምህርት ቤት የዘር ልዩነት ልጆችን እንደሚጎዳ ፍርድ ቤት ቆሞ መስክሯል። ክፉ ሰው አልነበረም። መጽሐፉን ያስፈራውም ያስከበረውም በየገጹ ልጆቹ ራሳቸው ሲናገሩ መሰማታቸው ነው። «ሐኪሙ አይደለም፣ ልጁ ነው ያለው» ከተባለ ማን ይከራከራል?

የዌርተም ወረቀቶች በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎች የተከፈቱት በ2010 ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል ቲሊ ከታተመው መጽሐፍ ጋር አስተያየቻቸው፤ ውጤቱን በ2012 አወጣች። ጉዱ ያኔ ወጣ። የሁለት ወጣቶች ቃል ተዋሕዶ የአንድ ሰው ንግግር ሆኗል። የአንድ የ15 ዓመት ልጅ ቃል ደግሞ ተቆራርጦ ለተለያዩ ልጆች ታድሏል። ዕድሜ ተለውጧል። ዌርተም ፊቷን ያላያት የ13 ዓመት ልጅ አለች፤ ታሪኳን ያገኘው ከባልደረባው ማስታወሻ ነው። ሕይወቷን ያከበዱት ሌሎች ችግሮች በማስታወሻው ላይ ተጽፈው ሳለ በመጽሐፉ ውስጥ የቀረላት የሥዕል ታሪክ ማንበቧ ብቻ ነው።

ልጆቹ ተናግረው ነበር ማለት ነው። ቃላቸው በማስታወሻ ሰፍሮ ስለነበር አንድ አንባቢ ከ58 ዓመት በኋላ መስመር ለመስመር ሊያመሳክረው ቻለ። የሎውዘር ልብ ወለድ በበኩሉ በ1995 እንደ ገና ታትሟል።