በሊኑክስ ከርነል የመልእክት ምዝገባ እና የዴድሎክ መከላከያው

ፕሪንትኬ የሊኑክስ ከርነል ስለራሱ የሚናገርበት ፈንክሽን ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ካወጣው የመጀመሪያ እትም ጀምሮ ከከርነሉ ተለይቶ አያውቅም። አዲስ ሃርድዌር ሲሰካ፣ ዲስክ ስህተት ሲያሳይ፣ ሜሞሪ ሲያልቅ፣ ከርነሉ ራሱ ሲወድቅ የሚጻፈው ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል፤ የሲስተም አስተዳዳሪዎች ዲሜስግ በሚባለው ትዕዛዝ የሚያነቡትም ይህንኑ መዝገብ ነው። መልእክቱ መጀመሪያ ሪንግ ባፈር ወደሚባለውና ሲሞላ አሮጌውን ጽሑፍ በአዲስ ወደሚተካው የሜሞሪ ክፍል ይገባል። ከዚያ ወደ ኮንሶል፣ ማለትም ወደ ስክሪን፣ ወደ ሲሪያል ፖርት ወይም ወደ ኔትወርክ ይወጣል።

ብዙዎች የሚጋሩት ይህ መንገድ በቁልፍ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲገባ በሚያደርግ ጥበቃ ሲዘጋ፣ የዴድሎክ አደጋ ይመጣል። ዴድሎክ የሚፈጠረው ሥራዎች አንዱ የሌላውን ቁልፍ እየጠበቁ ሁሉም ቆመው ሲቀሩ ነው፤ አንድ ሥራ ራሱ የያዘውን ቁልፍ እንደገና ከጠበቀም ብቻውን ይቆማል። ኮፍማን፣ ኤልፊክና ሾሻኒ በ1971 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ አራት ሁኔታዎች አብረው መገኘት እንዳለባቸው አስቀምጠዋል፦ ሀብቱ በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ መሰጠቱ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መጠበቅ፣ የተያዘውን መንጠቅ አለመቻል፣ እና ጥበቃው ዞሮ መግጠሙ። ከአራቱ አንዱን ማፍረስ ይበቃል። በሌሎች የከርነሉ ክፍሎች የተለመደው ዘዴ ቁልፎችን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መያዝ ነው። ፕሪንትኬ ግን ማን፣ የትኛውን ቁልፍ ይዞ እንደሚጠራው ስለማያውቅ ይህ መንገድ ለእሱ ዝግ ነው። ተራ ታስክ ይጠራዋል፤ ኢንተራፕት የሚያስተናግድ ኮድ ይጠራዋል፤ ፕሮሰሰሩን ለታስኮች የሚያከፋፍለው ስኬጁለር ይጠራዋል፤ ኤንኤምአይ የተባለው የማይታገድ ኢንተራፕትም በማንኛውም ቅጽበት ሌላውን ሥራ አቋርጦ ይጠራዋል።

ለረጅም ዓመታት ምዝገባው በሁለት ቁልፎች ላይ ቆሞ ነበር። አንዱ ባፈሩን የሚጠብቅ ስፒንሎክ (ጠባቂው ሳይተኛ የሚጠብቀው ቁልፍ) ሲሆን ሁለተኛው ኮንሶሎችን የሚጠብቅ ሴማፎር (ጠባቂው ተኝቶ የሚጠብቀው ቁልፍ) ነው። የአደጋው መልክ በግልጽ የሚታየው በሁለተኛው ነው። አንድ ፕሮሰሰር ታስኮችን ሲያፈራርቅ ታስኮቹ ተራቸውን የሚጠብቁበትን የተራ ሰልፍ ቁልፍ ይይዛል። በዚያው መሃል ያልጠበቀው ነገር ገጥሞት ማስጠንቀቂያ ይጽፋል እንበል። ፕሪንትኬ የኮንሶሉን ሴማፎር ይይዛል፣ መልእክቱን ያወጣል፣ ሴማፎሩን ይለቃል። ሲለቅ ግን ያንኑ ሴማፎር ሲጠብቅ ያንቀላፋ ታስክ ካለ መቀስቀስ አለበት፤ ለመቀስቀስ ደግሞ የተራ ሰልፉ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ በዚሁ ፕሮሰሰር እጅ ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱን እየጠበቀ ይቀራል፤ ለማስጠንቀቅ የተጻፈው መስመር ማሽኑን ያቆመዋል። በኤንኤምአይ በኩል ያለው ደግሞ ይበልጥ አጭር ነው፦ ፕሮሰሰሩ የባፈሩን ስፒንሎክ በያዘበት ቅጽበት ኤንኤምአይ መጥቶ ፕሪንትኬን ከጠራ፣ የተቋረጠው ኮድ ካልቀጠለ ቁልፉ አይለቀቅም፤ ኤንኤምአዩ ካላበቃ ደግሞ የተቋረጠው ኮድ አይቀጥልም።

ኢንጎ ሞልናር በ2006 ወደ ከርነሉ ያስገባው ሎክዴፕ የቁልፎችን ቅደም ተከተል እየተከታተለ እንዲህ ያለውን አደጋ ሳይደርስ ይጠቁማል። ነገር ግን ያገኘውን የሚናገረው በፕሪንትኬ ነው፤ የመጀመሪያውን ሪፖርት ከጻፈ በኋላም ሥራውን ያቆማል።

ከዴድሎክ ጋር የሚዛመድ ሌላ ችግር የፍጥነት ነው። በ115200 ባውድ የሚሠራ ሲሪያል ፖርት በሴኮንድ ወደ 11,520 ፊደል ብቻ ያሳልፋል፤ 80 ፊደል ያለው አንድ መስመር 7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ሴማፎሩን የያዘው ፕሮሰሰር የራሱን ብቻ ሳይሆን ሌሎች የሚጨምሩትንም መልእክት ማውጣት ስለነበረበት፣ ብዙ ፕሮሰሰር ባለው ሰርቨር ላይ ከዚህ ሥራ መውጫ ሊያጣ ይችል ነበር።

መፍትሔዎቹ መጀመሪያ የመጡት አንድ በአንድ እየተጨመሩ ነው። ለስኬጁለሩ መልእክቱን አሁን መዝግቦ ወደ ኮንሶል ማውጣቱን ለኋላ የሚተው ልዩ ጥሪ ተዘጋጀለት። በ2016 በወጣው እትም 4.7 እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ለኤንኤምአይ የራሱ ትንሽ ባፈር ተሰጠው፤ በ2017 በ4.11 ይኸው ዘዴ ፕሪንትኬ ውስጥ ሆኖ ፕሪንትኬን ለሚጠራ ኮድም ተስፋፋ። በ2018 ደግሞ ስቲቨን ሮስቴት ያቀረበው ለውጥ አዲስ መጪ የማውጣቱን ሥራ ከቀደመው እንዲረከብ አደረገ። እነዚህ እርምጃዎች ብዙ ማሽን አድነዋል፤ ሥሩን ግን አልነቀሉም። በጎን ባፈር የተቀመጠ መልእክት ወደ ዋናው ሳይገለበጥ ማሽኑ ከሞተ አብሮ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም በተለይ ያ የመጨረሻው፣ ማሽኑ ለምን እንደወደቀ የሚናገረው ሊሆን ይችላል።

ሥሩ የተነካው በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 5.10 ነው። ጆን ኦግነስ የጻፈው አዲስ ሪንግ ባፈር ጸሐፊዎችን በቁልፍ አያሰልፍም። እያንዳንዱ ጸሐፊ በማይከፈሉ የፕሮሰሰር ትዕዛዞች ቦታውን ያስይዛል፣ ጽሑፉን ያስገባል፣ ከዚያ ማለቁን በምልክት ያሳውቃል። ኤንኤምአይ መሃል ቢገባ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ይዞ ይጽፋል እንጂ ያቋረጠውን ጸሐፊ አይጠብቅም። አንባቢዎች ያላለቀውን አያነቡም። የኮፍማን የመጀመሪያ ሁኔታ እዚህ ላይ ፈረሰ፤ የባፈሩ ቁልፍና የጎን ባፈሮቹም በሚቀጥለው ዓመት ከከርነሉ ወጡ።

ኮንሶሉ ከበድ አለ፤ ሃርድዌር እንደ ሜሞሪ ለሁሉም በአንዴ ቦታ አይሰጥም። በ2022 ማውጣቱን ሙሉ በሙሉ ለተለዩ ትሬዶች የመስጠት ሙከራ ለእትም 5.19 ገብቶ ነበር፤ እትሙ ሳይወጣ ተመለሰ። ትሬድ እንዲሠራ ስኬጁለሩ በሕይወት መኖር አለበት፤ ከርነሉ ሲወድቅ ደግሞ ይህ አይረጋገጥም።

በቦታው የመጣው ንድፍ ኤንቢኮን ይባላል። በሰላሙ ጊዜ እያንዳንዱ ኮንሶል በራሱ ትሬድ ይጽፋል። አደጋ ሲመጣ ግን አደጋው የገጠመው ፕሮሰሰር ራሱ በቀጥታ ይጽፋል። ባለቤትነቱ ሦስት ደረጃ አለው፦ መደበኛ፣ ድንገተኛ እና ፓኒክ (ከርነሉ ሲወድቅ)። ከፍ ያለው ዝቅ ካለው ይረከባል፤ ድራይቨሩም መሃል ላይ መነጠቅ የማይገባውን ክፍል «አሁን አይነካም» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። በፓኒክ ጊዜ ባለቤቱ ካልለቀቀና ሌላ መንገድ ከጠፋ፣ እንደ መጨረሻ አማራጭ ኮንሶሉ በግድ ይነጠቃል። የሃርድዌሩ ሁኔታ ቢዛባ እንኳ ማሽኑ ከዚያ በኋላ የሚሠራው የለም፤ የወጣ እያንዳንዱ መስመር ትርፍ ነው። ይህ የኮፍማን ሦስተኛ ሁኔታ መፍረስ ነው፣ በእኔ ግምት ከጠቅላላው ሥራ ድፍረት የሚጠይቀው ውሳኔም ይኸው ነው።

ለሪል ታይም ሥራ የተዘጋጀው ፕሪኤምፕት አርቲ ወደ ዋናው ከርነል እንዳይጠቃለል ካዘገዩት የመጨረሻ እንቅፋቶች አንዱ ፕሪንትኬ ነበር። የኤንቢኮን መሠረት ሲገባ መንገዱ ተከፈተ፤ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ከፕሪኤምፕት አርቲ ገንቢዎች አንዱ የሆነው ቶማስ ግላይክስነር የመቀላቀያ ጥያቄውን ቪየና ላይ ለቶርቫልድስ በወርቃማ ወረቀት ጠቅልሎ በእጁ ሰጠው። ለውጡ በኅዳር 2024 በወጣው እትም 6.12 ላይ ተካቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የድራይቨሮቹ ነው፦ እያንዳንዱ የኮንሶል ድራይቨር በተራው ወደ አዲሱ ንድፍ መዛወር ይኖርበታል፤ እስኪዛወር ድረስም በአሮጌው ሴማፎር ሥር ይሠራል።