የጦር ሜዳና የመታሰቢያ ሐውልት ጉብኝት (ሸዋ ሮቢትና ይፋት)

ተማሪዎች በክፍል የተማሩትን የጦርነት ታሪክ በተፈጸመበት ቦታ ተገኝተው የሚያጠኑበት ትምህርታዊ ጉዞ ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለምትገኝ ለጉዞው ምቹ መነሻ ናት።

ይፋት፦ አካባቢው በወላስማ ሥርወ መንግሥት ይመራ የነበረ የሱልጣኔት ግዛት ነበር። የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን እ.ኤ.አ. በ1332 ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር ተዋግቶ ተሸንፏል። በይፋት ውስጥ ባሉት በኖራና በአስበሪ የጥንት መስጊዶች የድንጋይ ፍርስራሽ ይገኛል።

ሰገሌ፦ ሸኖ አቅራቢያ የሚገኝ ሜዳ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን የተነሡት የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በተመራው የሸዋ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ። ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ከሸዋ ወገን ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ በጦርነት ወድቀዋል።

ዘረት፦ መንዝ ውስጥ የሚገኝ ዋሻ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የፋሽስት ጣልያን ጦር እዚያ የተጠለሉትን አርበኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጅቷል።

አዲስ አበባ፦ የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በፋሽስት ጣልያን የተጨፈጨፉትን ሰማዕታት፣ የአራት ኪሎው ሐውልት ደግሞ በጣልያን ላይ የተገኘውን የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድል ያስታውሳል።

በይፋትም በሰገሌም የተዋጉት የአንድ አገር ልጆች ናቸው። ስለዚህ መምህራን የአሸናፊውን ብቻ ሳይሆን የተሸናፊውንም ወገን ታሪክ በእኩል አክብሮት ሊያስተምሩ ይገባል።