ዝሆኔን ማን ጻፈው? ማንስ ጠቀሰው?

ለማዕረግ ዕድገት ያመለከታችሁ መምህራን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የሚቆጠረው የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥሎ «ስንት ሰው ጠቀሰው?» ይመጣል። እኔም ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ይህን ቆጠራ በአንድ በሽታ ታሪክ ላይ ልሞክረው አልኩ። በሽታው ዝሆኔ ነው። በትንኝ የሚተላለፈውን አይደለም የምለው፤ በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣውን፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ገበያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው የኡመን ጥናት በ56 ገበያዎች ላይ እግሩ ያበጠውን ሰው የቆጠረ ነበር። ለአገራችን ገጠር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይታየኝም፤ ገበያ የማይወጣ ማን አለ? ከዚያ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ መጣ። በ1970ዎቹ በተከታታይ ባወጣቸው ጽሑፎች በሽታውን ከአካባቢው አፈርና አየር ጠባይ ጋር አያያዘው፤ ከታማሚዎች ንፍፊት በተወሰደ ናሙና ውስጥም የአፈር ብናኝ አሳየ። ስሙን ከግሪክኛው «እግር» እና «አቧራ» አወጣለት። መጽሐፉ በ1990 ታተመ። በዘመኑ በጥቅስ ብዛት ብቻ ቢመዘን ኖሮ፣ በእኔ ግምት፣ ፕራይስ ዕድገት አያገኝም ነበር።

ፕራይስ ያልፈታው ጥያቄ ግን ነበር። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ያርሳሉ፤ አንዱ ያብጣል፣ ሌላው ደህና ነው። ለምን? በ2007 ጌል ዴቪና ባልደረቦቿ የበሽታው ተጋላጭነት 63 በመቶ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ አሳዩ። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለ ከነዴቪ ጋር ሆኖ መልሱን በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን አወጣ። ከወላይታ 194 ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው ልዩነቱን ኤች.ኤል.ኤ. ክላስ 2 በሚባለው የጂን ክፍል አገኙት። ይህ ክፍል የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ባዕድ ነገርን ይዘው ለቲ ሴሎች የሚያሳዩ ናቸው። ስለዚህ ዝሆኔ የአፈር ብናኝ የሊምፍ ቧንቧ መድፈን ብቻ ሳይሆን የሰውነት መከላከያ ሥርዓትም ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በእኛ አገር «ዘር ነው» የሚለው ቃል ጋብቻ ያፈርሳል። ልጅቷ ደህና ሆና ሳለ አያቷ እግራቸው አብጦ ስለነበር ብቻ የምትቀር አለች። ታዲያ «ጂን አገኘን» የሚል ጽሑፍ ለእሷ ምን ይጠቅማታል? ፋሲል ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። በ2009 እሱና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የዘር ምርምሩ መገለሉን እንዳያብስባቸው እንደሚፈሩ ጽፈዋል። በእኔ አስተያየት ከዝነኛው የ2012 ጽሑፍ እኩል መነበብ ያለበት ይኼኛው ነው። ለቤተሰብ የምንነግረው መልስ ግን ከሁለቱም ይወጣል፦ ዘሩ ቢኖር እንኳ አፈር ካልነካው በሽታው አይመጣም። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጫማ አድርጉላት፣ እግሯን እጠቡላት። (በረባሶና ኮንጎ ከባዶ እግር ይሻላሉ እንጂ አፈሩን ሙሉ በሙሉ አይከለክሉም።)

የወላይታው ውጤት ለእኛ ሰው ይሠራል ወይ? ይህ የተመለሰው በ2021 ነው። እነ ቴዎድሮስ ገብረሥላሴ ወላይታን፣ አማራንና ኦሮሞን ጨምረው በ1,892 ሰዎች ላይ ሲሞክሩት ያው የኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ወጣ። በጥቅስ ቆጠራ ይህ «አንድ» ተብሎ ይመዘገባል። ጽሑፉን በመግቢያው አንድ መስመር ጠቅሶ ያለፈውም ያው «አንድ» ነው።

ስሙ ላይ «ጎጃም» ያለበትም ጥናት አለ። እነ ሄኖክ ንጉሤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ቡድን የእግር እጥበት፣ የቆዳ እንክብካቤ፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ወዲያው ሰጡ፤ ሌላው ከ12 ወር በኋላ አገኘ። ውጤቱ በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ታተመ። ትኩሳትና ቁስለት ይዞ የሚነሣው ሕመም ባልታከሙት ላይ በዓመት 23.9 ጊዜ፣ በታከሙት ላይ 19.4 ጊዜ ተነሣ። በሳሙናና በውኃ ይህን ያህል መቀነሱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም 19 ጊዜ የሚተኛ ገበሬ መቼ ያርሳል? ቲ ሴሎቹን የሚቀሰቅሰው የትኛው ማዕድን እንደሆነ ለይቶ ማቆም ገና የሚቀር ሥራ ነው፤ አፈሩም ታማሚውም ያሉት እዚሁ እኛው ዘንድ ነው።